ሴት ያሳደገው ልጅና የሁለት ወገን ርስት

ፍቺ ዘመን አመጣሽ በሽታ ነው የሚለው አስተያየት ዛሬ በየስብሰባውና በየሬዲዮው ይደመጣል። ቀድሞ ትዳር የጸና ነበር፣ ሽማግሌ ይከበር ነበር፣ ልጅም በእናትና በአባቱ መካከል ያድግ ነበር፤ ቤቱን ያፈረሱት ከተማው፣ ትምህርቱ፣ የሴቶች ደመወዝተኛ መሆንና አዲሱ ሕግ ናቸው ይባላል። ባሏን ፈትታ ልጆቿን ለብቻዋ የምታሳድግ እናት፣ አልፎ አልፎም ልጆቹን ይዞ የቀረ አባት፣ የዚህ ውድቀት ማሳያ ተደርገው ይቆጠራሉ። ታሪኩ ግን ሌላ ነው የሚለው። ቢያንስ አማርኛ ተናጋሪው የደጋ አገር፣ ጎንደርም ሆነ ጎጃም፣ ወሎም ሆነ ሸዋ፣ ከጥንት ጀምሮ ፍቺ የበዛበት አገር ነበር። ሰው ይጋባል፣ ይፋታል፣ እንደገና ይጋባል፤ ልጁም አንድ ጊዜ እናቱ ዘንድ፣ አንድ ጊዜ አባቱ ዘንድ፣ ሌላ ጊዜ አያቱ ቤት ያድጋል። ስለዚህ ዋናው ለውጥ የደረሰው በፍቺው ብዛት ላይ አይደለም። ከፍቺ በኋላ ልጁን ይዞ ያቆይ የነበረው ነገር ነው የተለወጠው፤ ያም በዋናነት መሬት፣ ዘመድና ዋስ ነበር።

የድሮው ጋብቻ አንድ ዓይነት አልነበረም። በቁርባን የተጋቡ አይፋቱም፤ ካህን ለሚሆን ሰው ቁርባን ግዴታው ነው፣ ከምእመናን ግን ብዙው ሰው ከሚስቱ ጋር የሚቆርበው ዕድሜው ገፍቶ፣ ልጆቹን ድሮና ኩሎ ሲያበቃ ነበር። ሰፊው ሕዝብ የሚጋባው በሰማንያ ነው። ሰማንያ በሽማግሌ ፊት፣ ዋስ ተጠርቶ፣ በንጉሥ ስም ተምሎ የሚታሰር ውል ስለሆነ እንደ ማንኛውም ውል ይፈርሳል። ሲፈርስም ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። ማስታረቁ ካልሆነላቸው ወደ ክፍፍሉ ይገባሉ፤ ባልም ሚስትም ይዘውት የመጡት ለየራሳቸው ይመለሳል፣ አብረው ያፈሩት እኩል ይካፈላል። የጎተራው እህል በቁና ይሰፈራል፣ በጎቹ ይቆጠራሉ፣ ዕዳም ካለ እንደዚያው ለሁለት ይከፈላል። አስቸጋሪው በሬው ነው። አንድ ጥማድ በሬ የነበረው ቤት ሲፈርስ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ በሬ ይደርሳቸዋል፤ አንድ በሬ ደግሞ ብቻውን አያርስም። ባልየው ከጎረቤት ወይም ከዘመድ ጋር ተቀናጅቶ ይጠምዳል። ሚስትየዋ ግን በሬውም መሬቱም ቢኖራት እርፍ የሚጨብጥላት ወንድ ያስፈልጋታል፤ በዚህ አገር ሴት አታርስምና። ከፍቺ በኋላ የሚመጣው ነገር ሁሉ፣ የልጆቹ ዕጣ ጭምር፣ ከዚህ ከተነጠለው በሬ ጋር የተያያዘ ነው።

ልጆቹስ እንዴት ይካፈሉ ነበር? ጥርት ያለ መልስ የተወልን ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ነው። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ ሁለት ዓመት ገደማ ከቤተ መንግሥት ሰዎች ጋር ቆየ፤ መጽሐፉን ያሳተመው በ1790 ነው። በቁስቋም፣ በእቴጌ ምንትዋብ ፊት፣ አንዲት ትልቅ ወይዘሮ ቀድሞ ባሎቿ ከነበሩ 7 ወንዶች ጋር በአንድ ቦታ እንዳየ፣ ከ7ቱም አንዱ እንኳ በዚያን ጊዜ ባሏ እንዳልነበረ ይተርካል። አውሮፓውያን አንባቢዎቹን ያስደነቀው ይህ ወሬ ነው። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ከእሱ አጠገብ የጻፈው ነው። ባልና ሚስት ሲለያዩ ልጆቹን ይከፋፈላሉ ይላል፤ የበኩር ወንድ ልጅ የእናቲቱ ድርሻ ነው፣ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ የአባቷ። ሴቷ አንድ ብቻ ሆና የቀሩት ወንዶች ከሆኑ ለአባቷ ትሄዳለች፤ ወንዱ አንድ ብቻ ሆኖ የቀሩት ሴቶች ከሆኑ ለእናቱ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ካልተመጣጠነ የቀሩት ልጆች በዕጣ ይደለደላሉ።

ብሩስን ማመን ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ሰውዬው ማጋነን ይወዳል፤ የሚያውቀውም በአብዛኛው የመኳንንቱን ዓለም ነው፤ በአበሻ አገር ከሁለቱ ወገን ፈቃድ በስተቀር ጋብቻ የሚባል ነገር የለም እስከ ማለትም ደርሷል። ይህ ፍርዱ ልክ አይደለም። ሰማንያን ያላየ፣ ወይም አይቶ እንደ ጋብቻ ያልቆጠረ ሰው ፍርድ ነው። የልጆቹ አከፋፈል ግን ከፍርዱ ጋር ይጋጫል እንጂ አይደግፈውም፤ ጋብቻ በሌለበት አገር እናትና አባት በዕጣ የሚካፈሉበት ሥርዓት ከየት ይመጣል? እንዲህ ያለ ዝርዝር ደንብ ደግሞ አልፎ አልፎ ለሚደርስ አደጋ አይወጣም፤ የሚወጣው በየጊዜው ለሚያጋጥም ጉዳይ ነው። ደንቡ በየአውራጃው እንዲህ ባለ ጥብቅነት ይሠራበት ነበር ለማለት አልደፍርም። ሐሳቡ ግን ከገበሬው ኑሮ ጋር ይገጥማል። ወንዱ ለእናቱ፣ ሴቷ ለአባቷ መሆኗ ለምን ይመስላል? የእኔ ግምት እንዲህ ነው፦ የተነጠለችው እናት ያጣችው አራሽ ነው፣ የተነጠለው አባት ያጣው ደግሞ ውኃ የሚቀዳለትና እህል የሚፈጭለት ሰው ነው። ልጆቹ የሚከፋፈሉት የጎደለውን እጅ እንዲሞሉ ነበር። ለዛሬ ጆሮ ይህ ይጎረብጣል፤ በዚያ ዘመን ግን እረኛና ውኃ ቀጂ ያልነበረ ልጅ የት ይገኛል?

ሁለት የታወቁ ልጅነቶች ነገሩን ቀረብ ያደርጉልናል። ኋላ አጼ ቴዎድሮስ የተባለው ካሳ፣ አባቱ የቋራው ኃይለ ጊዮርጊስና እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ሲለያዩ ገና ሕፃን ነበር። እናቱ ይዛው ወደ ጎንደር ተመለሰች፤ በችግር አሳደገችው። ጠላቶቹ ካደገና ከሸፈተ በኋላ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ሰድበውታል። ወይዘሮ አትጠገብ በእርግጥ ኮሶ ሸጠችም አልሸጠችም፣ ስድቡ ራሱ ማስረጃ ነው፤ በጎንደር ከተማ ባል የሌላት እናት ገበያ ወጥታ በመቸርቸር ልጅ ታሳድግ እንደነበር፣ ይህም እንደ ውርደት ይቆጠር እንደነበር ያሳየናል። ሌላው ነገር ደግሞ ካሳ የእናቱ ልጅ ብቻ ሆኖ አለመቅረቱ ነው፤ ከፍ ሲል የተጠጋው የአባቱ ወገን ወደሆኑት ወደ ደጃዝማች ክንፉ ቤት ነው። ወዲህ ደግሞ የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ አለች። እናቷ ወይዘሮ አብቺ ከምኒልክ ጋር ስትለያይ ልጅቷ ገና ትንሽ ነበረች፤ ያደገችው ከአባቷና ከወይዘሮ ባፈና ጋር ነው። ወንዱ ከእናቱ፣ ሴቷ ከአባቷ፤ ብሩስ እንዳለው ማለት ነው። ሁለት ልጆች ግን ደንብ አያጸኑም፤ በተለይ የቤተ መንግሥት ልጅ ስትሆን ልጅቷን ለአባቷ የሚያደላው ደንቡ ሳይሆን ጉልበቱ ሊሆን ይችላል።

ለሰፊው ሕዝብ ከዚህ ሁሉ የበለጠ ክብደት የነበረው ርስት ነው። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ የሰው ልጅ ጥናት ምሁር በደጋ ዳሞት የገበሬዎችን የመሬት ሥሪት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው መጽሐፍ ይህን በደንብ ያስረዳል። በጎጃምና በጎንደር ርስት የሚጠየቀው በአባት በኩል ብቻ አልነበረም፤ በእናትም፣ በእናት እናትም፣ በአባት እናትም በኩል እስከ አቅኚው አባት ድረስ ቆጥሮ ድርሻውን የሚጠይቅ ሁሉ ባለመብት ነው። ሴትም እንደ ወንድሟ ርስት አላት። ይህ ከፍቺ ጋር ምን አገናኘው ቢባል፣ ብዙ ነው። እናት ፈትታ ወደ አባቷ አገር ስትመለስ ባዶ እጇን አትመለስም፤ የምትጠይቀው ርስት አላት። ከእሷ ጋር የሄደው ልጅም የአባቱን ወገን አያጣም፤ አድጎ ጎልምሶ፣ የትውልድ ሐረጉን ቆጥሮ፣ በአባቱም አጥቢያ በእናቱም አጥቢያ መሬት ሊጠይቅ ይችላል። አባት ሌላ ሚስት አግብቶ ሌላ ልጅ ቢወልድ የመጀመሪያውን ልጅ ከሐረጉ ሊፍቀው አይችልም። በአባት ዘር ብቻ በሚወረስባቸው የአገራችን ክፍሎች ልጁ የአባት ጎሣ ነው፤ እናት ስትወጣ ትታው ትወጣለች። እዚህ ግን ትዳሩ ቢፈርስም ልጁ የሁለት ወገን ባለርስት እንደሆነ ይቀራል። ዘመዶቹም ልጁን ለማሳደግ የሚሻሙት ከፍቅር ብቻ አልነበረም፤ ዛሬ እረኛ፣ ነገ በርስት ሙግት አጋር የሚሆን ሰው ነውና።

በዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። ያቺ የድሮ ፈት ለብቻዋ ልጅ የምታሳድግ እናት አልነበረችም፤ ቶሎ ታገባ ነበር፤ ስለዚህ ከዛሬዋ ጋር ማወዳደር ስህተት ነው ሊባል ይችላል። እውነትነት አለው። የገጠሯ ፈት ምርጫዋ ጥቂት ነበር፦ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ግማሹን ምርት መቀበል፣ ከወንድሟ መጠጋት፣ ወይም እንደገና ማግባት። ለእኩል የሰጠ ሰው ደግሞ አራሹ መጀመሪያ የራሱን ማሳ እስኪዘራ ይጠብቃል፤ ዝናቡ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ብዙዎቹ ያገቡ ነበር፤ የእንጀራ አባት የሚባለው ሰው በየቤቱ የሚገኘውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ይህ ተቃውሞ የእኔን ክርክር የሚያፈርስ ሳይሆን የሚያጠራው ነው። ሴቲቱን ወደ ሁለተኛው ትዳር የሚገፋት የትዳር ክብር ሳይሆን ማረሻው ነበር። ይህ ግፊት በላላበት ቦታ ሁሉ ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ብቅ ማለታቸው አይቀርም። ብቅም ብለዋል። ሴት ያሳደገው የሚለው ስድብ ከየት መጣ? ያለ አባት ተቆጪ ያደገ፣ ሥርዓት ያልያዘ ለማለት ዛሬም ድረስ የሚወረወር ስድብ ነው፤ የሚሰደብ ልጅ ባልነበረበት አገር ስድቡ ሊኖር አይችልም።

ማረሻ የማያስፈልግበት ቦታ ከተማ ነው። የጎንደር ገበያ፣ ኋላም በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ፣ ከየገጠሩ የሚመጡ ፈት ሴቶችን የሳቡት ለዚህ ነው። ሴት በገጠር ቤት ውስጥ ያለ ክፍያ የምትሠራው ሥራ ሁሉ ከተማ ሲገባ ዋጋ ያወጣል። ጠላ መጥመቅ፣ አረቄ ማውጣት፣ ጥጥ መፍተል፣ እንጀራ ጋግሮ መሸጥ፣ ሽሮና በርበሬ ማዘጋጀት። ከእነዚህ ሁሉ ጠላን ልብ ብሎ ማየት ያሻል። ጌሾና ብቅል ከገበያ ይገዛል፣ ጋኑ በወይራ ይታጠናል፣ ድፍድፉ ለቀናት ይብላላል፣ ከዚያ በተከራየችው አንድ ክፍል ቤት መደቡ ላይ ደንበኛ ይቀመጣል። መነሻ ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ሥራው ከቤት አያስወጣም፤ ሕፃኑ ጓዳ ውስጥ ተኝቶ፣ ትልቁ ልጅ ጣሳ እያጠበ፣ እናት ሁለቱንም ሥራ በአንድ ጊዜ ትሠራለች። ዛሬ ፋብሪካ ወይም ቢሮ የምትሠራ እናት ለሕፃን ማቆያ የምታወጣውን ገንዘብ ያቺ እናት አታወጣም ነበር። ጉዳቱም እዚያው ነው፤ ልጅ ከሰካራም ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድጋል፣ ሴት ልጅ ከደረሰች ደግሞ እናት እንቅልፍ የላትም። ብዙ የከተማ ልጅ ከቄስ ትምህርት እስከ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የተማረው በዚህ ገንዘብ ነው፤ ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ግን ስለ ጠላው ቤት አያወራም።

ሕጉ ወደዚህ ኑሮ የገባው ዘግይቶ ነው። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ አርቅቆት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች እጅ አኖረ፣ ባልን የቤተሰብ አለቃ አደረገ፣ ስለ ልጆች ግን አንድ አዲስ ነገር ተናገረ፦ ልጆች የሚሰጡት ጥቅማቸው ብቻ ታይቶ ነው፣ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር እስከ 5 ዓመት ዕድሜያቸው ከእናታቸው ጋር ይቆያሉ። የበኩር ልጅም ዕጣም ቀረ፤ የልጁ ጥቅም መጣ። ከዚያ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። ይህ አዋጅ ጭሰኛን ነፃ ያወጣ ታላቅ አዋጅ መሆኑን የሚክድ የለም፤ በተለይ በደቡብ ርስት አልባ ለነበረችው እናት ከቀድሞው የተሻለ ነበር። በርስት አገር ግን የሁለት ወገን ጥያቄውን አብሮ ዘጋው። መሬት ለቤተሰብ በገበሬ ማኅበር ይደለደላል፣ የሚመዘገበውም በቤቱ አለቃ፣ ማለት በባልየው ስም ነበር። የአዋጁ አንድ አንቀጽ በተለይ ትኩረት ይስባል፤ መሬትን በቅጥር ጉልበት ማሳረስ ሲከለክል፣ ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት ከክልከላው ነፃ ያወጣታል። አብዮተኞቹም ቢሆኑ ሴት እርፍ እንደማትጨብጥ ያውቁ ነበር ማለት ነው፤ ያንን ከመለወጥ ይልቅ ልዩ ፈቃድ ሰጧት።

ፍቺው ግን በአዋጅ አልቀነሰም፣ አልጨመረምም። በ1982 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተሰበሰበ የቤተሰብ ጥናት መረጃን የመረመሩ ተመራማሪዎች ከመጀመሪያ ጋብቻዎች 45 በመቶ ያህሉ በ30 ዓመት ውስጥ በፍቺ እንደሚያበቁ አስልተዋል፤ ከሚፋቱትም ሁለት ሦስተኛው የሚፋቱት ገና በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ነው። ይህ የተቆጠረው አዲሱ የቤተሰብ ሕግ ከመውጣቱ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ አብዛኛው ሕዝብ በገጠር በሚኖርበት ጊዜ ነው። ሕጉ ቤት አፈረሰ የሚሉ ሰዎች ይህን ቁጥር ሊያስረዱን ይገባል። በጥናቱ ለፍቺ ከሚያጋልጡ ነገሮች ዋነኞቹ ሆነው የተገኙትም በልጅነት መዳርና ልጅ አለመውለድ ናቸው፤ ሁለቱም የድሮ ናቸው።

የድሮውን አሳምረህ እየሳልክ ነው የሚለኝ አይጠፋም። ርስት ለባለርስት ነው። ባሪያ፣ ሸማኔና ቀጥቃጭ፣ በደቡብ ደግሞ ገባሩ፣ ከዚህ የሁለት ወገን መድን ውጭ ነበሩ። ሙስሊሙ ሕዝብ በሸሪዓው ይዳኝ ነበርና የልጆቹ ጉዳይም በዚያ መንገድ ይታያል። በእንጀራ እናት እጅ የተሠቃየውን፣ ዘመድ ወሰደኝ ብሎ አሽከር ሆኖ የቀረውን ልጅ ቆጥሮ የጻፈልን የለም። ድሮው ይሻል ነበር አልልም። የድሮው ድጋፍ ሲነሳ በምትኩ የመጣው ምንድን ነው የሚለውን ነው የምጠይቀው።

በምትኩ የመጣው ቀለብ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልን አለቅነት ሰረዘ፣ የ5 ዓመቱን ደንብም አስቀረ፤ ዳኛው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም መዝኖ ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር ይወስናል፣ ሌላው ወላጅ ቀለብ ይቆርጣል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎትም በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 እናቱ ሞታ በአክስቱ እጅ ያደገን ልጅ ለዓመታት ዞር ብሎ ያላየው አባቱ ልውሰደው ሲል፣ የልጁ ጥቅም ከአባትነት ይቀድማል ብሎ ለአክስቲቱ ፈርዷል። መልካም ፍርድ ነው፤ ዘመድ ልጅ ያሳድግ የነበረበትን የቆየ ልማድ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 አጽንቶታል። በአማራ ክልል ደግሞ የመሬት ይዞታ ደብተር የባልንም የሚስትንም ፎቶ ይዞ መውጣቱ ለገጠሯ ፈት ግማሹን መሬት አስቀርቶላታል። በሬው ግን ዛሬም አንድ ነው።

በቀለብ ላይ የሚያስጨንቀው አፈጻጸሙ ነው። ባለደመወዝ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ከደመወዙ ቆርጦ ይከፍላል። ደላላ፣ ሹፌር፣ የቀን ሠራተኛ፣ ነጋዴ ከሆነ ግን ማን ይቆርጥበታል? እናት ሥራዋን ትታ ፍርድ ቤት ትመላለሳለች፤ የመጓጓዣው ወጪ ከቀለቡ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ተስፋ የቆረጠችው ልጇን ለእናቷ ትታ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ሪያድ ትሄዳለች፤ አያትም ከባሕር ማዶ በሚላክ ገንዘብ እንደገና እናት ትሆናለች። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በአገሪቱ ከ4 ቤተሰቦች 1 ያህሉ በሴት እንደሚመራ አሳይቷል፤ በዚህ ውስጥ ባል የሞተባቸውም አሉ፣ ቁጥሩ ግን ትንሽ አይደለም። ሰማንያ ሲታሰር ዋስ ይጠራ ነበር፤ ዛሬ ቀለብ ሲፈረድ ዋስ የለውም። ይህን ለማስተካከል አዲስ ሥልጣኔ አያስፈልገንም። ለማስታረቅ ተቀምጣችሁ ያልተሳካላችሁ ሽማግሌዎች፣ የቤት ዕቃውን አካፍላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት የልጆቹን ቀለብ አስቆርጡ፣ አባትየው ባይከፍል የሚከፍል ዋስም ከወገኑ አስጠሩ፤ ሕግ የምታወጡም ያንን ዋስነት ፍርድ ቤት የሚያስፈጽመው ግዴታ አድርጉት።